አቶ ሽባባውና አንድ ሜትር ከሃያ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ «ጠጋ በሉ» ባይ አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አለ፤ ሰርግ ዳስ ውስጥ አለ፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ አለ። አግዳሚው ሞልቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሳለ እሱ በር ላይ ይቆምና አዲስ መጪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አየሩን ወደ ጎን ይገፋል። «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ይኸው ቦታ አለ እኮ!» ያ ቦታ ለእሱ ብቻ ነው የሚታየው። ለእኛ የሚታየን የጎረቤታችን ክርን ነው።

እንዲህ ያለው ሰው የሚኒባስ ረዳት ቢሆን እንጀራው ነው ብለን እናልፈዋለን። የዕድር ዳኛ ቢሆን ደግነቱ ነው እንላለን። የኛው ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆነው ዐረፉት።

አቶ ሽባባው ይባላሉ። እኔ በሆዴ ሊቀ ጠጋ በሉ ሽባባው እያልኩ ነው የምጠራቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ በሥራቸው ነው ያገኙት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ቡናማ ሹራባቸውን ክረምት ከበጋ አያወልቁም፤ የቆሰበር ብርድም አውልቁ ብሎ አያውቅም። ሲሄዱ ትከሻቸውን ያስቀድማሉ፤ ባዶ ሜዳ ላይ እንኳ በሰው መሀል የሚሽሎኮለኩ ይመስላሉ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ከዳንግላ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። መኪናዋ ሞልታ፣ እኔ አምስት ኪሎ ምስማር ጭኔ ላይ ይዤ፣ መንገድ ዳር ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ እጇን ዘረጋች። ረዳቱ፣ ረዳቱ ራሱ፣ «ሞልቷል እናቴ» አላት። ይሄኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ምን ሞልቷል ትላለህ አንተ! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጠጋ በሉ!»

«ጌታዬ ወዴት እንጠጋ? በመስኮት?» አለ አንዱ።

«የሰው ልጅ ይታጠፋል! የማይታጠፈው እንጨት ነው!»

ረዳቱ በሙያው አፈረ። ሴትዮዋ ገባች። የዶሮዋ አፍ እስከ ቆሰበር ድረስ ከጆሮዬ አልተለየም። እሳቸው ወንበራቸውን ለሴትዮዋ ለቀው አንገታቸውን ጣሪያው ላይ ደፍተው ቆመው ሄዱ። ሌላውን አጣጥፎ እሱ ቆሞ መሄድ፣ አልኩ በሆዴ። የቆመ ሰው ማን ጠጋ በል ይለዋል? ጠጋ በሉ ባይ ራሱ ሲጠጋ አይታይም። ይህችን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እኔ ሰርክአዲስ ነኝ። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የእንጨት ሥራ ተምሬ፣ አሁን ቆሰበር ላይ የራሴ ሥራ ቤት አለኝ። በር ላይ ቆሞ «ባለሙያው የለም እንዴ?» የሚለኝ በሳምንት ሁለት ሰው አይጠፋም። «አለ» እለውና መጋዜን አነሣለሁ። ምን ለማለት ነው፣ እኔ በወሬ አላምንም፤ የማምነው በሜትር ነው። ሜትር ደግሞ ጠጋ በል ቢሉት አይሰማም።

መስከረም 2007 ላይ ታናሽ እህቴን ሀይማኖትን አሥረኛ ክፍል ላስመዘግብ ሄድኩ። ወላጆቻችን ጥሊሊ ገጠር ናቸው፤ እሷ እኔ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። አሥረኛ ክፍል ማለት ግንቦት መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ ፈተና አለ ማለት ነው። ያለፈ መሰናዶ ይገባል፤ የወደቀ ይወድቃል። ሀይማኖት የምትፈልገው መሰናዶ ገብታ የተፈጥሮ ሳይንስ መማር ነው፤ ለዚያ ሒሳብ የግድ ነው። በዚህች ልጅ ነገር ቀልድ አላውቅም።

መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኚያ የሚኒባሱ ሰው፤ ጠረጴዛው ላይ እንኳ አይደለም፤ ከጠረጴዛው ጎን ቆመው።

«ክፍሏ ስንት ተማሪ አለው?» አልኳቸው።

«ትንሽ ናቸው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እህትሽ ሰማንያ ሰባተኛ ናት።»

«ሰማንያ ሰባት ትንሽ ነው?»

«ከዘጠና አንጻር!» አሉና ሳቁ። ከኋላዬ የተሰለፈውም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጥቅምት ላይ ዘጠና አራት ሆኑ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ መጥራት አያስፈልግም። በየትኛውም ከተማ ያላችሁ ሰዎች የራሳችሁን አስገቡበት። እኔ የማወራው ስለ አንድ ክፍል ነው፦ አሥረኛ ሐ። በውስጡ ሃያ ዴስክ አለ። የአንዱ ዴስክ ርዝመት አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ይህን ልክ ያወጣ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለአንድ ልጅ አርባ ሳንቲ ብሎ ለሦስት ነው የለካው። ዘጠና አራትን በሃያ ዴስክ አከፋፍሉት፤ አሥራ አራቱ ላይ አምስት አምስት፣ ስድስቱ ላይ አራት አራት። አምስት የተቀመጠበት ላይ ለአንድ ልጅ ሃያ አራት ሳንቲ ይደርሰዋል። እኔ ከዚህ የሚሰፋ የቁም ሳጥን መሳቢያ ነው የምሠራው።

ሀይማኖት እንደነገረችኝ አምስቱ በአንድ ጊዜ መጻፍ አይችሉም። ሁለቱ ሲጽፉ ሦስቱ ክንዳቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መምህሩ ሰሌዳውን ካጠፋው የሦስቱ ዕድል አበቃ። ዳር ያለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላው ጎኑ አየር ላይ ነው።

የዚያን ዓመት ሁሉም ነገር «አንድ ለአምስት» ይደራጅ የተባለበት ጊዜ ነበር። ተማሪም በአምስት በአምስት እየሆነ እንዲጠናና ተባለ። ሊቀ ጠጋ በሉ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆመው ሪፖርት ሲያቀርቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «አደረጃጀቱን ገና መመሪያው ሳይደርሰን ፈጽመነዋል! አንድ ዴስክ ለአምስት!» ወላጅ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ስም መጥራትን እዩልኝ ደግሞ። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። የሒሳቡ መምህር ክንዴ ገና ወጣት ነው፤ ነጭ ጋዋኑን በየቀኑ አጥቦ የሚለብስ፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው። ዘጠና አራት ስም ጠርቶ ሲጨርስ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ ስለዚህ በቁጥር መጥራት ጀመረ። «ሰማንያ ሰባት!» «አቤት!» ቢሆንም ሰሌዳ አጥፍቶ፣ ፀጥ አሰኝቶ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢተርፈው ነው። ያንን ለዘጠና አራት ስታካፍሉት ለአንድ ልጅ አሥራ ስድስት ሰከንድ ይሆናል። በአሥራ ስድስት ሰከንድ እኔ አንድ ምስማር አቃንቼ መትቼ አልጨርስም። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ያስተምራል፤ መምህር ክንዴ ጠመኔውን ይዞ ይቆማል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሰው ሁሉ ስለ ሌላው ጥፋት ሲጽፍ ቀለም አያልቅበትም፤ እኔ ግን የለካሁትን ልክ አልደብቅም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አቶ ሽባባው ሥራ ቤቴ ድረስ መጡ። የተሰባበሩ ዴስኮች ነበሩ፣ እነሱን ጠግኝልን ነው ነገሩ። እንደ ልማዳቸው አልተቀመጡም፤ በርጩማ ባቀርብላቸው የእንጨት ጥራጊ አስቀመጡበት።

«ሰርክአዲስ፣ የኔ ዓለም፣ ይቺን አንድ ሜትር ከሃያ ትንሽ ብትለጥጫት ምን ይመስልሻል?»

«እንጨት አይለጠጥም ጋሼ።»

«አውቃለሁ፤ አይታጠፍምም። አንቺ ግን ብልኃት አታጪም።»

ይህን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ሙያ ያለው ሰው ችግር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሄጄ ክፍሉን ለካሁት። በሦስት ረድፍ የተደረደረ ዴስክ ነው፤ በረድፎቹ መካከል ሁለት መተላለፊያ አለ፣ እያንዳንዱ ሰማንያ ሳንቲ። እንግዲህ እኔ ምን አየሁ? ባዶ ሰማንያ ሳንቲ አየሁ። ከዴስክ ዴስክ ጣውላ አጋድሜ፣ አንዱን ለመቀመጫ፣ አንዱን ለመጻፊያ፣ መተላለፊያውን ወንበር አደረግሁት። በአሥራ ሦስት ቦታ ሃያ ስድስት ልጅ ተቀመጠ። በዴስኩ ላይ አምስት የነበሩት ሦስት ሆኑ፤ በጣም ቢበዛ አራት። ሀይማኖት ማታ «እታለም፣ ዛሬ ሁለቱም እጄ ጠረጴዛ ላይ ዋለ!» አለችኝ። ዶክተር የሆንኩ መሰለኝ።

ሳምንት አልሞላም። የሌላውን አሥረኛ ክፍል ጣሪያ ነፋስ ገነጠለው። የዚያ ክፍል ልጆች በየክፍሉ ይበተኑ ተባለ። ሊቀ ጠጋ በሉ አሥረኛ ሐ በር ላይ ቆሙ፤ ልጆቹ ተንፈስ ብለው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው በራ።

«ይኸው ቦታ አለ እኮ! ጠጋ በሉ!»

አሥራ አምስት ልጅ አስገቡ። መቶ ዘጠኝ። እኔ ለመተንፈሻ የሠራሁትን እሳቸው ለመቀመጫ አዋሉት።

ይህም ባልከፋ። የከፋውን እኔም አላየሁትም፣ እሳቸውም አላዩትም። መተላለፊያ ተማሪ ብቻ አይደለም የሚያልፍበት፤ መምህርም ያልፍበታል። መምህር ክንዴ ድሮ በቀን አንድ ረድፍ እየዞረ ደብተር ያይ ነበር፤ በሦስት ቀን አንዴ ሀይማኖት ጋ ይደርስ ነበር። ጣውላው ከገባ ወዲህ ግን ሰሌዳው ሥር ታሰረ። ሁለት ጊዜ በጣውላው ላይ ተረማምዶ ሊያልፍ ሞከረ፤ በሁለተኛው ጋዋኑን ምስማር ይዞት እስከ ወገቡ ተቀደደ። ምስማሩ የኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የፊተኞቹ ሁለት ሁለት ዴስኮች ደብተር ብቻ ሆነ። ሀይማኖት ደግሞ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ በግራ በኩል ግድግዳው ሥር ናት። ታኅሣሥ ላይ ሎጋሪዝም የሚባል ትምህርት ጀመሩ፤ አንድ ነገር ግራ ገባት። ጥያቄዋን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ፊት ላከችው። ሰባት ዴስክ ነው መንገዱ። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ መልሱ አልተጻፈበትም፤ ጀርባው ላይ ግን የኳስ ጨዋታ ውጤት ተጽፎበት ነበር።

የካቲት መጀመሪያ የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት መጣ። ሒሳብ፣ ሠላሳ አንድ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ዘጠና ሁለት የነበራት ልጅ ናት።

«ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት፣ ካርዱን እንደያዝኩ።

«ማንን?»

«መምህሩን ነዋ!»

«እታለም፣ መምህሩ እኮ ሩቅ ነው።»

«ስምሽን እንኳ አያውቅም?»

«ቁጥሬን ያውቃል።»

በማግስቱ መጋዜንና የምስማር መንቀያዬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጣውላዎቼን ነቅዬ፣ ሊቀ ጠጋ በሉን ደግሞ ልክ ልካቸውን ነግሬ ልመለስ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ ቃል በቃል አዘጋጅቻለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ስድብም ነበረበት።

«ምክትል ርዕሰ መምህር» የሚለውን በር በርግጄ ገባሁ። አርባ ተማሪ ዞሮ አየኝ። አንዲት መምህርት ጠመኔ እንደያዘች «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። መንቀያውን ከጀርባዬ ደብቄ «ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ።

ዘበኛው ጋሽ ገበየሁ ሲያየኝ ሳቀ። «እሳቸውን ነው? ቢሮ የላቸውም እኮ። ከጥቅምት ጀምሮ ክፍል አርገውታል።»

«ታዲያ የት ነው የሚሠሩት?»

በአገጩ አሳየኝ። ከውኃ ታንከሩ ጎን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ቡናማው ሹራብ ቆሟል። መዝገቡ ታንከሩ ክዳን ላይ ተዘርግቷል። ማኅተሙ በፌስታል ሆኖ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበር የለም። ልቤ ሊለዝብ ሲል ሠላሳ አንድን አስታወስኩና አጠነከርኩት።

«ጋሼ ሽባባው፣ ጣውላዎቼን ልነቅል ነው የመጣሁ።»

«ንቀይ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እነቅላለሁ!»

«ንቀይ አልኩሽ እኮ። ጣውላው ላይ የተቀመጡት ግን ወዴት ይሂዱ?»

«ያስወጧቸዋ! አሥራ አምስቱን ባይጨምሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ክፍል እኮ ነው፣ የከብት በረት አይደለም። በረትም እንኳ ልክ አለው!»

አሁን ቀና አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡልኝ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን አንሥተው ሰጡኝ።

«እኔ ማስወጣት አልሆነልኝም። አንቺ መቁረጥ የለመድሽ ነሽ። ይኸው፣ መቶ ዘጠኝ ቁጥር አለ። አሥራ አምስት ጥሪና እናስወጣ።»

«እጠራለሁ! መቶ አንድ!»

መዝገቡ በእኔ እጅ ነው፤ እሳቸው የሚያዩት የኔን ፊት ነው። «እንቁ» አሉ። «ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ድንች ተሸክማ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመጣለች። ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። አማርኛው ሲፈጥንባት ይጠፋታል፤ እኔና እሷ በአገውኛ ነው የምናወራ። አባቷ ሲያስመዘግቧት እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ትውጣ?»

«ሌላ... ሃምሳ ሦስት!»

«አወቀ። አባቱ አዲስ ቅዳም አካባቢ ከሰል ያከስላል። አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ለዚህ ነው ፊት ያስቀመጥኩት። ፊዚክስ ላይ አንደኛ ነው። ይውጣ?»

መዝገቡን አየሁት። ሃምሳ ሦስት፣ አወቀ ይላል። በንዴት የመጣልኝን ጠራሁ። «ሰማንያ ሰባት!»

ፈገግ አሉ። «ሀይማኖት። የጥሊሊ ልጅ። ግራኝ ናት። ግድግዳው ሥር ያደረግኋት በየመስመሩ ክርኗ ከሌላ ልጅ ጋር እየተጋጨ ስትቸገር አይቼ ነው። ትውጣ?»

እህቴ ለምን እዚያ ጥግ እንደተቀመጠች አንድም ቀን አልጠየቅሁም ነበር። እኔ፣ በሜትር የማምነው።

«ሠላሳ አንድ ማምጣቷንስ ያውቃሉ?»

ፈገግታው ጠፋ። መዝገቡን ከእጄ ወሰዱና ዘጉት። «አውቃለሁ። መቶ ዘጠኙ ያመጡትን አውቃለሁ። ስም ማወቅ ማስተማር አይደለም ሰርክአዲስ። ክፍል ይሠራልን ብለን ለበላይ ሦስት ጊዜ ጻፍን። ‘በአካባቢ ግብዓት ፍቱት’ ተባልን።»

«የአካባቢ ግብዓት ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሻ!»

መሳቅ አልፈለግሁም። ሳቄ አመለጠኝ። ግን ንዴቱ አልወጣም፤ ከእሳቸው ላይ ተነሥቶ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ጠፋው እንጂ። እስቲ ንገሩኝ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ጠጋ በሉ» የሚለው፣ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ «ሞልቷል» ስላለ አይደለም? እዚያ ላይ ሆኖ «ፍቱት» ብሎ የጻፈው ሰው አርባ ሳንቲ አይደለም የተቀመጠበት፤ ባለመደገፊያ፣ ባለእጀታ፣ የሚሽከረከር ወንበር ነው። እሱን ጠጋ በል የሚለው የለም።

ቅዳሜ ዕለት ሠራሁ። ሁሉንም አልነቀልኩም፤ መቶ ዘጠኝ ልጅ መሬት ላይ አይቀመጥም። ሁለቱንም መተላለፊያ መክፈት አልቻልኩም፤ አንዱን ከፈትኩ፣ በግራ በኩል ያለውን። የሰባቱን ቦታ ጣውላ ነቀልኩ፣ የተረፈውን ምስማር አንድ ባንድ አወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ያመለጠኝ ምስማር እንዳይኖር ላረጋግጥ ገባሁና ጥግ ላይ ቆምኩ። ከጣውላው የተነሡት አሥራ አራት ልጆች ደብተራቸውን አቅፈው ቆመዋል። ሁሉም እኔን ያያል። ምን ልበል?

«በሉ እንግዲህ» አልኩ፣ «ጠጋ... ጠጋ በሉላቸው።»

ከንፈሬን ነከስኩ። በሩ ላይ ቡናማው ሹራብ ቆሟል። ሰምተውኛል፤ ግን እንዳልሰማ ሆነው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

መምህር ክንዴ ገባ። የተሰፋ ጋዋኑን ለብሷል። የተከፈተውን መንገድ አየው፤ በሙሉ ትከሻው ለመግባት አላመነውም፣ ጎኑን አስቀድሞ ገባበት። አንድ ዴስክ፣ ሁለት ዴስክ፣ ሰባት ዴስክ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሀይማኖትን ደብተር ሳበው።

«ስምሽ ማነው?»

«ሰማንያ ሰባት» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፤ ጆሮዋ እስኪቀላ ደነገጠች። መምህር ክንዴም አልሳቀም።

«ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ሀይማኖት።»

ደብተሩን አየ። ገልበጥ አደረገ። እንደገና ገልበጥ አደረገ። «ከታኅሣሥ ጀምሮ እንደዚህ ነው የምትሠሪው?» ማባዛት ላይ የሚሠራውን ሕግ መደመር ላይ ታውለው ነበር። አንድ ስሕተት ነች። አንዲቷን ይዛ ሁለት ወር ሙሉ፣ በየገጹ፣ በንጹሕ ጽሑፍ፣ ሳትሰለች ስትሳሳት ኖራለች። በእኛ ሙያ ማዕዘን መለኪያው ከተጣመመ ቤቱ ሁሉ ይጣመማል፤ አናጢው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መምህር ክንዴ እስክሪብቶውን አውጥቶ አሳያት። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«ኧረግ!» አለች ሀይማኖት። «ይሄ ብቻ ነው?»

ይሄ ብቻ ነው። ሁለት ወር ልቧን የበላት፣ ካርዷ ላይ ሠላሳ አንድ የጻፈው፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለቱን ደቂቃ የከለከላት ደግሞ የኔ ጣውላ፣ የእሳቸው «ጠጋ በሉ»፣ የበላይ «ፍቱት»፣ ጣሪያ የገነጠለው ነፋስ፣ ሁላችን ተባብረን ነው።

ግንቦት ላይ ተፈተነች። አለፈች፤ መሰናዶ ገባች። ደስ ብሎኝ እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ግን ከመቶ ዘጠኙ ያለፉት ሠላሳ አራት ናቸው፣ አብዛኞቹም በግራው መተላለፊያ በኩል የተቀመጡ ናቸው። እንቁ የተቀመጠችው በቀኝ በኩል ነበር፣ ጣውላው ባልተነሣበት። እንቁ አላለፈችም። አቶ ሽባባው ሐምሌ ላይ ያንን የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ሄደው እንደገና እንድትፈተን አባቷን ለምነው ተመለሱ። ለእሷም ቦታ እንዳለ ነግረዋቸዋል፤ እንደ ልማዳቸው።

ወደዚያች ሰኞ ልመልሳችሁና ልጨርስ። መምህር ክንዴ ወደ ሌሎቹ ደብተሮች ሲያልፍ ሊቀ ጠጋ በሉ እስከ መጨረሻው ዴስክ ዘለቁ፤ የሀይማኖትን ደብተር ሊያዩ። ጎንበስ ብለው ቆመው ሲያነቡ ልጅቷ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«የት ልቀመጥ ልጄ? ሞልቷል እኮ።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው ካለ ይመስክር። ከዚያ አወቀ፣ ያ አንድ ጆሮው የማይሰማው፣ ከፊት ተነሥቶ የእሳቸውን የዘወትር ቃል ጮኸ።

«ጠጋ በሉላቸው! የሰው ልጅ ይታጠፋል!»

መቶ ዘጠኝ ልጅ ተንጫጫ። «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ!» በሀይማኖት ዴስክ ላይ አምስት ነበሩ፤ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አቶ ሽባባው አፍረው ሹራባቸውን ጎተቱ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሕጌ ፈረሰ። እኔ ደግሞ አመሌ ነውና ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ። አንድ ሜትር ከሃያ፣ ለስድስት ሰው። አርባ ሳንቲ ይገባቸው ነበር። የደረሳቸው ሃያ ነው።